የዕለት ቍጠባና የበዓል ድግስ፤ «አዲስ ዓለም» ስለ ተባለው መጽሐፍ የቀረበ አስተያየት

የአንድ ቤት አያያዝ የሚመረመረው በሁለት ቀን ነው። አንደኛው ምንም በዓል የሌለበት ተራ ቀን ነው፤ ሁለተኛውም እንግዳ ተጠርቶ ድንኳን የተተከለበት ቀን ነው። በተራው ቀን እህሉን ሰፍሮ፣ ቅቤውን ቈጥቦ የሚኖር ሰው በድግሱ ቀን የዓመት ጥሪቱን ቢበትን ቈጣቢ ይባላልን ወይስ አባካኝ? እንደዚሁም ዓመቱን ሙሉ ለራሱም ለጎረቤቱም አንዲት የደስታ ቀን ሳያደርግ ጎተራውን ሞልቶ የሚሞት ሰው ብልህ ይባላልን ወይስ ንፉግ? ይህ ጥያቄ በየቤታችን ዘወትር ይነሣል፤ በመጻሕፍት ግን በሚገባ ሲመረመር የምናገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ስለ ሆነ፣ ዛሬ እርሱን እንደ ገና ገልጠን የሚያስተምረውንም የጐደለውንም ብንመለከት ለአንባቢ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው፣ ኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ፣ አውሮፓንም ጃፓንንም በመልእክት ሄደው ያዩ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ስለዚህ የአገራቸውን ልማድ ሲነቅፉ ከውጭ ሆኖ እንደሚስቅ እንግዳ አይደሉም። የሚነቅፉት ያደጉበትን ቤት ነው፤ ንግግራቸውም የልጅ ተግሣጽ ነው እንጂ የባዕድ ስድብ አይደለም።

የመጽሐፉ ባለታሪክ አወቀ የተጕለት ልጅ ነው። ወደ ፓሪስ ሄዶ ስምንት ዓመት ከተማረ በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ስሙም የደራሲውን አሳብ አስቀድሞ የሚናገር ነው። ከተመለሰም በኋላ አባቱ ስለ ሞተ የተዝካሩ ነገር ይመጣል። በዚህ ጊዜ ዘመዶቹ እንደ አገሩ ልማድ ትልቅ ድግስ ይደገስ ይላሉ፤ አወቀ ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ በመብልና በመጠጥ ከሚያልቅ ለነዳያን ቢሰጥ ለሟቹም ነፍስ ለቋሚውም ኑሮ ይበጃል ብሎ ይከራከራል። ኋላ በጋብቻውም ነገር እንዲሁ ከልማድ ጋራ ይጋጫል። ደራሲውም በመጽሐፉ መጨረሻ ጕዳዩን እስከ ካህናት ጉባኤ አድርሰው ሥርዐት እንዲበጅለት ያደርጋሉ።

አወቀ በነቀፈው ነገር እውነት አለው። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነው፤ ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ምጽዋቱ የነገሩ ሥር ነው። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ የተቈጠሩት ሟቹ እንዲታሰብ ነው እንጂ ቋሚው እንዲደኸይ አይደለም። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ድግሱ ሥሩን ዋጠው። ባለኀዘኑ ምን ያህል ይበቃኛል ብሎ አይጠይቅም፤ እገሌ ለአባቱ ስንት ጋን ጠላ ጠመቀ፣ ስንት ፍሪዳስ ጣለ ብሎ ይጠይቃል። እገሌ ሁለት ጥሎ እንደ ሆነ እርሱ ሦስት ይጥላል፤ ከርሱ በኋላ የሚመጣውም አራት። እንዲህ እያለ ያንዱ ቤት ክብር ለሌላው ቤት ዕዳ ይሆናል።

የዚህ ጕዳት ትልቅነት የሚታወቀው ገበሬው የሚያርደውን ስናይ ነው። የደለበ በሬ ያለው ያርዳል፤ የሌለው ግን ወይ የእርሻ በሬውን ይሸጣል፣ ወይ መሬቱን በወለድ አገድ ያስይዛል፣ ወይ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። ከጥማዱ አንዱን በሬ ያጣ ሰው ደግሞ የቀረው አንድ በሬ ብቻውን አያርስለትምና ለክረምቱ ሰው ለምኖ ማቀናጀት፣ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ያ ድግስ የበላው የአንድ ቀን ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን ዓመት እህልም አብሮ በልቷል። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው ተረት ለዚህ ይስማማል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ይህን ቍስል በአደባባይ መግለጣቸው ድፍረት ነበረ፤ ምስጋናም ይገባቸዋል።

ሆኖም መጽሐፉ እውነት የሆነውን ሁሉ አልያዘም። ደራሲው ለአወቀ ረዥምና ብርቱ ቃል ሲሰጡ ለዘመዶቹ የሰጧቸው ቃል ቀጭን ነው። ክርክር የሚያምረው ሁለቱም ወገን በሙሉ ኀይሉ ሲናገር ነውና፣ ዘመዶቹ ሊናገሩት ይገባ የነበረውን ቃል እኛ በነሱ ፈንታ ለመናገር እንሞክር።

እንዲህ ይሉ ነበር፤ «ልጃችን ሆይ፣ ይህ ድግስ ለድኻ አይደረስም ያለህ ማነው? በድንኳኑ ውስጥ ካህኑና ባላባቱ ሲቀመጡ ነዳዩም ደጅ ላይ ተቀምጦ ከዚያው እንጀራና ወጥ ይበላል። ከፋሲካ እስከ ገና ሥጋ የማይቀምሰው ጎረቤትህ ዛሬ ይጠግባል። ከአባትህ ጋራ ተጣልቶ የኖረው ሰው ጠላውን ሲጠጣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል። አንተ ገንዘቡን ቈጥረህ በእያንዳንዱ ነዳይ እጅ ብታስቀምጥ ድኻው ገንዘብ ያገኛል፤ ከኛ ጋራ የሚቀመጥበትን ገበታ ግን አያገኝም።» ይህ ቃል ቀላል አይደለም። በወንጌልም ሦስት መቶ ዲናር የሚያወጣው ሽቱ በጌታ እግር ላይ በፈሰሰ ጊዜ፣ ተሽጦ ለድኾች ለምን አልተሰጠም ብሎ የጠየቀው ማን እንደ ነበረ ካህናት አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። አወቀን ከይሁዳ ጋራ ማስተካከላችን አይደለም፤ አወቀ ለድኻ በእውነት ያስባልና። ነገር ግን ወጪ ሁሉ በድኻ ስም ቢቈጠር፣ ፍቅርና አክብሮት የሚገለጡበት ስፍራ ሳይቀር እንደሚጠፋ ከዚያ ታሪክ እንማራለን።

እንግዲህ በአባካኙ ዘመድና በቈጣሪው ልጅ መካከል ያለው መንገድ የቱ ነው? ግማሽ ድግስ ደግሶ ግማሹን መቈጠብ ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን መልሱ በወጪው ብዛት ወይም ማነስ ላይ አይመስለንም። ድግሱ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ሸክሙ በብዙ ትከሻ የተከፈለ፣ ወጪውም ካለፈው ቍጠባ የወጣ እንደ ሆነ ቢበዛም አይጐዳም፤ ድንገተኛ፣ የአንድ ሰው ሸክምና ከሚመጣው ዓመት የተበደሩት እንደ ሆነ ግን ቢያንስም ይጐዳል። ይህንንም ለማወቅ ወደ ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም፤ በተጕለትም በሌላውም አገር ከተዝካሩ ድንኳን አጠገብ ምስክሩ ቆሞ ነበረ።

የመጀመሪያው ምስክር የጽዋ ማኅበር ነው። ዐሥራ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም ተሰብስበው በየወሩ ጽዋውን ሲያዞሩ፣ እያንዳንዱ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ደጋሽ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጋባዥ ይሆናል። ተራው የሚደርስበትን ወር ባለቤቲቱ ዓመት ሙሉ ታውቃለችና ጌሾዋን በርካሽ ጊዜ ትገዛለች፣ ገብሷን ታስቀምጣለች፣ ከዕለት ወጪዋም ጥቂት ጥቂት ትቀንሳለች። በዚያችም ቀን ቤቷ ሞልቶ ሲበላና ሲጠጣ ሐዘን የለባትም፤ ዕዳ የለምና። ከመጠን አልፎ የሚደግስ ማኅበርተኛም በሚቀጥለው ወር ጽዋውን የሚረከበውን ጓደኛውን እንደሚያስጨንቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ፉክክሩ ከመነሣቱ አስቀድሞ ልጓም ይገባለታል።

ሁለተኛው ምስክር ቅርጫ ነው። አንድ ቤት ብቻውን በሬ ለመጣል የማይችል ሲሆን፣ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ አርደውም በመደብ በመደብ ይከፍሉታል። በእያንዳንዱም መደብ ላይ ከየብልቱ ጥቂት ጥቂት ይደረግበታል፤ ለአንዱ ሥጋው ለአንዱ አጥንቱ ብቻ እንዳይደርስ በዕጣ ይወሰዳል። እነሆ፣ በበዓል ቀን በሬ ታርዷል፣ ሁሉም ጠግቧል፣ ነገር ግን ማንም ጥማዱን አልሸጠም። የበዓሏ ዶሮ እንኳ 12 ብልት ሆና የምትሠራው በከንቱ አይደለም፤ በቅንጦቱ ውስጥ መጠን እንዳለ ታስተምራለችና።

ሦስተኛውም ምስክር ራሱ የዓመቱ አቈጣጠር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። ፍልሰታ 15 ቀን ይጾማል፤ ከዚያ ይፈሰካል። ረቡዕና ዓርብም ከሳምንቱ ይቀነሳሉ። ጾሙ ለነፍስ የተሠራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ለጓዳም ሥርዐት ይሆናል። ቅቤው በቅል፣ እንቍላሉ በሙዳይ እየተጠራቀመ የሚቈየው በጾሙ ወራት ነው፤ የፋሲካ ገበታ የሚሞላውም ከዚያ ነው። ያለ ጾም ፋሲካ ተራ ምሳ ይሆን ነበረ፤ ፋሲካ የሌለው ጾምም ረኃብ በሆነ ነበረ። ቍጠባና ድግስ ጠላቶች ሳይሆኑ አንዱ ላንዱ የሚሠራ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናገኝም።

ተዝካር ከነዚህ የተለየበት ምክንያት አሁን ግልጥ ይሆናል። ሞት ቀን አይቀጥርም፤ ሸክሙም በአንድ ኀዘንተኛ ቤት ላይ ይወድቃል፤ ኀዘንተኛውም ልቡ በተሰበረበት ጊዜ የይሉኝታን ግፊት ለመቋቋም ጕልበት የለውም። አወቀ በሽታውን አይቶ መድኀኒቱን በማውገዝና በጉባኤ ሥርዐት ፈለገው። ሕዝቡ ግን ኋላ በከተሞች መድኀኒቱን በሌላ መንገድ አገኘው፤ ይኸውም ዕድር ነው። በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ፣ ድንኳኑንና ወንበሩን፣ ድስቱንና ሳሕኑን በጋራ ገዝተው፣ ሞት በመጣ ጊዜ የቀብሩንና የኀዘኑን ወጪ ማኅበሩ ይሸከማል። ቀኑ የማይታወቀው ሞት በየወሩ በታወቀ መዋጮ ተቀደመ ማለት ነው። ይህን ሥርዐት ጎረቤቶች ለራሳቸው ያወጡት ነው እንጂ ከላይ የወረደላቸው አይደለም፤ የጸናውም ስለዚህ ነው። መጽሐፉ ያላየው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ልማድ የሚታረመው በተማረው ሰው ተግሣጽ ብቻ ሳይሆን በሌላ ልማድ ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፣ ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር ዛሬ ወደ ሠርግ ቤት ይመልከት። በተዝካር ላይ የነበረው ፉክክር አሁን ወደ ሠርግ ተዛውሯል። ሠርጉ አልበቃ ብሎ መልሱ፣ መልሱ አልበቃ ብሎ ቅልቅሉ ይከተላል፤ አዳራሹ፣ የመኪናው ሰልፍ፣ ቪዲዮው፣ የሚዜዎቹ ልብስ በየራሱ ሒሳብ አለው። ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህን የሚያደርጉት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ አለመሆናቸው ነው፤ የአወቀ ታናናሾች፣ ዲግሪ የያዙና ውጭ አገር ደርሰው የተመለሱ ሰዎች በፉክክሩ ፊተኞች ሆነው እናያቸዋለን። አንዳንዱም እኅቱ በዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የላከችውን የዓመታት ድካም በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። አዲሶቹ ባልና ሚስት ጫጕላቸውን ሳይጨርሱ ባለዕዳው በር ሲመታ፣ የመጀመሪያው የትዳራቸው ጠብ ከዚያ ይጀምራል። እንግዲህ ዕውቀት ብቻውን ከይሉኝታ እንደማያድን ከአወቀ ዘመን ይልቅ በኛ ዘመን ተገልጧል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ንፉግነትን በጥበብ ስም አናመስግን። ልጁን ዳረ ሳይባል በጓዳ የሚያሳልፍ፣ በበዓል ቀን በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚበላ፣ ገንዘቡን ለምን እንደሚያስቀምጥ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ሰው ቈጣቢ አይባልም፤ የገንዘቡ ጠባቂ ነው። ቍጠባ ዐላማ ሊኖረው ይገባል፤ ከዐላማዎቹም አንዱ ሰው ከሰው ጋራ በደስታ የሚቀመጥባት ቀን ናት። አምስት ሺው ሕዝብ እስኪጠግብ በበላበት በዚያ በምድረ በዳው ገበታ እንኳ፣ ከጥጋቡ በኋላ ፍርፋሪው ይሰብሰብ ተብሎ 12 መሶብ እንደ ተነሣ እናውቃለን። እዚያ ልግስናው አልተቈጠበም፤ ፍርፋሪውም አልባከነም።

በጠቅላላው «አዲስ ዓለም» ዛሬም ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው። አማርኛው ቀና ነው፤ አሳቡ ግልጥ ነው፤ የደራሲው ፍቅረ አገርም በየገጹ ይታያል። ሰዎቹ ከሥጋና ከደም ይልቅ ከምክር የተሠሩ መሆናቸው ጕድለቱ ነው፤ ጥያቄውን ግን በዘጠና ዓመት ውስጥ አላረጀም። ካህናት አባቶች የነፍስ ልጃቸው ለተዝካር ወይም ለሠርግ ሊመክር በመጣ ጊዜ «ስንት ታወጣለህ?» ከማለት አስቀድመው «ከየት ታወጣለህ? ከማንስ ጋራ ትሸከመዋለህ?» ብለው ቢጠይቁት፣ አንድ መጽሐፍ ሙሉ የደከመበትን ትምህርት በሁለት ቃል ያስተምሩታል። ከጎተራው የወጣ ድግስ ይባረካል፤ ከጥማዱ የወጣ ድግስ ግን እንግዳው ሳይነሣ ይቈጫል።