ማረፍም ከዕቅዱ ነው

የአሜሪካ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ የዓመት ዕቅድ ሊያወጣ ሲቀመጥ፣ ወሬው ቶሎ ወደ በጀትና ወደ ጣሪያ ጥገና ይሄዳል። (ጣሪያው የማያፈስ ደብር የት ይገኛል?) በ2018 እ.ኤ.አ. ኦስቲን፣ ቴክሳስ ላይ በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ጳጳስ ማይክል ከሪ ያስተዋወቁት «የፍቅር መንገድ» ግን ነገሩን ከሌላ ጫፍ ያስጀምረዋል። ሰባት ልማዶች ናቸው፦ መመለስ፣ መማር፣ መጸለይ፣ ማምለክ፣ መባረክ፣ መሄድ፣ ማረፍ። እያንዳንዱ ሰው ከነዚህ የራሱን የሕይወት ሥርዓት ይቀምራል፤ ኮሚቴ አያሻውም።

«መሄድ» ሲሉ እንኳ ድንበር ተሻግሮ መጀመሪያ ማዳመጥ ማለታቸው ነው። እኔን የማረከኝ ግን የመጨረሻው፣ ማረፍ፣ ነው። ምእመኗ ዓመት ከዓመት የሚመናመን ቤተ ክርስቲያን «ሩጡ!» ብትል ማን ይፈርድባታል? እሷ ግን ዕረፍትን ከጸሎት እኩል አስቀመጠች። ሰንበት እያከበረ ላደገ ሰው ይህ ብርቅ ላይሆን ይችላል፤ ለዕቅድ አውጪዎች ግን ብርቅ ነው።

እስቲ ስብሰባው ሲከፈት፣ ገና ሒሳብ ሳይነበብ፣ «ከሰባቱ በዚህ ሳምንት የቱ አመለጠዎት?» ብላችሁ ገንዘብ ያዡን ጠይቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ይላሉ።