ከካንሰር የተረፉ ሕፃናትና የአሜሪካው የ2018 ሕግ፦ ተስፋውና ጉድለቱ

በአሜሪካ የሕፃናት ካንሰርን የሚመለከተውና በምኅጻር «ስታር» እየተባለ የሚጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2018 በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ተፈርሞ ጸደቀ። ምኅጻሩ ከበሽታው ተርፎ መኖርን፣ ሕክምናን፣ ተደራሽነትንና ምርምርን ይወክላል። ሕጉ ለአምስት ዓመታት በየዓመቱ 30 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ የፈቀደ ሲሆን፣ በጃንዋሪ 2023 እስከ 2028 የበጀት ዓመት ድረስ ተራዝሟል። የሁለቱንም ፓርቲዎች ድጋፍ ያገኘ፣ ወላጆችና ሐኪሞችም ለዓመታት የደከሙበት በመሆኑ ሲወደስ ቆይቷል። ውዳሴው ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁንና የአንድ ሕግ ክብደት የሚታወቀው የሚፈቅደውና የሚያስገድደው ተለይቶ ሲታይ ነው።

የችግሩ ስፋት

በአሜሪካ በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሕፃናትና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በካንሰር ከተያዙት ሕፃናት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት 58 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 85 በመቶ ደርሷል። በልጅነታቸው ታመው የዳኑት ሰዎችም ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

ይህ ድል ዋጋ አስከፍሏል። ከ10,000 በላይ የዳኑ ሰዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሽታው ከታወቀ ከ30 ዓመት በኋላ 73 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር ይገጥማቸዋል። በ42 በመቶው ላይ ደግሞ ችግሩ ከባድ፣ አካል ጉዳተኛ የሚያደርግ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ወይም ለሞት የሚዳርግ ይሆናል። ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ያዳክማል፤ ሲስፕላቲን የመስማት ኃይልን ይቀንሳል፤ ለጭንቅላት የተሰጠ ጨረራ ትምህርት የመቀበል ችሎታንና የእድገት ሆርሞንን ይጎዳል፤ በልጅነት ደረታቸው ላይ ጨረራ የተሰጣቸው ሴቶች ገና በወጣትነታቸው ለጡት ካንሰር ሊጋለጡ ይችላሉ። ጉዳቱ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ፣ ታካሚው ከሕፃናት ሐኪሙ እጅ ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚያገኘው ሐኪም የትኛው መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደተሰጠው የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ሕጉ ያስተካከለው

ስታር ሦስት ጠቃሚ ሥራዎችን አስጀምሯል። የመጀመሪያው፣ አሁን ያለው ሕክምና እምብዛም ከማይፈውሳቸው ሕፃናት የዕጢና የደም ናሙና መሰብሰብ ነው። የሕፃናት ካንሰር ዓይነቱ ብዙ፣ የእያንዳንዱም ሕሙማን ጥቂት ስለሆኑ፣ አንድ ሆስፒታል ብቻውን ለምርምር የሚበቃ ናሙና ሊያከማች አይችልም። የአንጎል ግንድን ሰርጎ የሚያጠቃው ዕጢ የያዛቸው ሕፃናት ዛሬም አብዛኞቹ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ መሆናቸው የናሙናውን አስፈላጊነት ያስረዳል። ሁለተኛው የክፍለ ግዛቶችን የካንሰር መዝገብ ማጠናከር፣ ሦስተኛው ደግሞ በብሔራዊው የካንሰር አማካሪ ቦርድ ውስጥ የሕፃናት ካንሰር ባለሙያ ወንበር እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ከቀደመው ሕግ ጋር ሲነጻጸርም ዕድለኛ ነው። በካሮላይን ፕራይስ ዎከር ስም የተሰየመው የ2008ቱ ሕግም በየዓመቱ 30 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ኮንግረስ የፈቀደውን ገንዘብ በሙሉ መድቦለት አያውቅም። የስታር ገንዘብ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳይጓደል ተመድቧል፤ 28 ሚሊዮኑ ለብሔራዊው የካንሰር ተቋም፣ 2 ሚሊዮኑ ለበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል።

ጉድለቱ

የሕጉ ደካማ ጎን የሚታየው በስሙ መጀመሪያ ላይ ባሰፈረው ጉዳይ፣ ማለትም በዳኑት ሰዎች ክብካቤ ላይ ነው። ሕጉ የጤና ሚኒስትሩ የክብካቤ ዘዴዎችን የሚፈትሹ የሙከራ ፕሮግራሞችን ሊደግፍ «ይችላል» ይላል። «ይችላል» እና «አለበት» በሕግ ቋንቋ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ሙከራውም ቢሆን ጊዜ የተወሰነለት ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ክሊኒኩ የሚቀጥልበትን መንገድ ሕጉ አያመለክትም።

ሁለተኛው ጉድለት የወጪ ጉዳይ ነው። ሕጉ ራሱ ባዘዘው መሠረት፣ ለኮንግረስ የሚሠራው የኦዲት መሥሪያ ቤት የክትትል ሕክምና ማግኘትን የሚወስኑ ሦስት ነገሮችን በ2020 ዘርዝሯል፦ የመክፈል አቅም፣ ተገቢውን ሕክምና የማግኘት ዕድልና ስለ ክትትሉ ያለው ዕውቀት። ስታር ዕውቀትን በምርምር ያግዛል፤ ተገቢውን ሕክምና የማግኘትን ችግር በሙከራ ይነካል፤ የመክፈልን አቅም ግን እንዳለ ይተወዋል። የልብ አልትራሳውንድ ወይም የጡት ኤምአርአይ እንዲደረግላት የታዘዘች ወጣት ከመድን ድርጅቷ ጋር በምትከራከርበት ጊዜ የምትጠቅሰው አንድም አንቀጽ በዚህ ሕግ ውስጥ አታገኝም።

የሕጉ ደጋፊዎች በበኩላቸው፣ ስታር የምርምር ሕግ እንጂ የመድን ሕግ አይደለም፣ በ30 ሚሊዮን ዶላርም የግማሽ ሚሊዮን ሰው ክትትል አይሸፈንም ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ግን አያሳርፍም። የሕፃናት ኦንኮሎጂ ቡድን የተባለው የሐኪሞች ኅብረት የረጅም ጊዜ ክትትል መመሪያውን ያወጣው በ2003፣ ማለትም ሕጉ ከመጽደቁ 15 ዓመት በፊት ነበር። ማን፣ መቼ፣ በምን መመርመር እንዳለበት በአመዛኙ ይታወቅ ነበር። የጎደለው የታወቀውን የሚፈጽምና ወጪውን የሚሸከም አካል ነው። ቢያንስ፣ ሕክምናውን የጨረሰ እያንዳንዱ ልጅ የሕክምና ማጠቃለያ በጽሑፍ ይዞ እንዲወጣ ማስገደድ ብዙ ገንዘብ ባልጠየቀ ነበር።

ለኢትዮጵያ ሐኪም የሚተርፈው ትምህርት

የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ2018 ባስጀመረው ዕቅድ፣ በ2030 በዓለም ዙሪያ ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ግብ ጥሏል። በኢትዮጵያ ቀዳሚው ጥያቄ ዛሬም ሕፃኑ ሳይዘገይ ሕክምና ማግኘቱና ሕክምናውን ሳያቋርጥ መጨረሱ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን በአሜሪካ ከሚሰጠው የተለየ አይደለም፤ የዳኑት ሲበዙ ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳትም አብሮ ይመጣል። በድምሩ የተሰጠውን የመድኃኒትና የጨረራ መጠን ጽፎ ለቤተሰቡ ማስረከብ አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።

ስታር የሚያበቃበት የ2028 የበጀት ዓመት ሩቅ አይደለም። ሕጉ ዳግመኛ ለኮንግረስ ሲቀርብ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ስንት ናሙና ተሰበሰበ ከሚለው ባሻገር፣ በልጅነቱ የዳነ የ30 ዓመት ሰው ልቡን የሚመረምርለትና ሒሳቡን የሚከፍልለት አገኘ ወይ የሚለው ነው። መልሱ «አላገኘም» ከሆነ፣ «ይችላል» የሚለው ቃል «አለበት» በሚለው ሊተካ ይገባል።