የስበትን ሕግ ማረም ስለ ጠፈር መፋጠን ምን ያስረዳል?

በ1998 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች በሩቅ የሚፈነዱ ኮከቦችን ብርሃን ለክተው፥ የጠፈር መስፋፋት እየፈጠነ መሄዱን አስታወቁ። ስለ ምክንያቱ አንዱ ወገን በባዶው ጠፈር ውስጥ የማይታይ ኃይል አለ ሲል፥ ሌላው ጉድለቱ ከአይንሽታይን የስበት ሕግ ነውና ሕጉ ይታረም ይላል። እዚህ የምንመረምረው የሁለተኛውን ወገን አሳብ ነው።

ሕግን ለማረም መነሣት ነውር የለበትም። ለቬሪዬ የኡራኑስን አካሄድ መዛባት አይቶ ሌላ ፕላኔት አለ ቢል በ1846 ኔፕቲዩን ተገኘ፤ ስለ ሜርኩሪም እንዲሁ ቢል ግን የተገኘ ፕላኔት የለም፤ በ1915 የታረመው ሕጉ ራሱ ነው።

ኦገስት 17 ቀን 2017 የሁለት ኔውትሮን ኮከቦች ግጭት ያስነሣው የስበት ሞገድ ከ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቀት ደረሰ፤ የጋማ ጨረሩም 1.7 ሴኮንድ ብቻ ቆይቶ ተከተለ። እንግዲህ ስበትና ብርሃን እኩል ይሮጣሉ ማለት ነው። የሞገዱን ፍጥነት ይለውጡ የነበሩ አያሌ ቲዎሪዎች በዚህ ወደቁ፤ ወዲያውም የሕግ ማረሙ ነገር አበቃለት ተባለ። ይህ ፍርድ የቸኮለ ይመስለኛል። ደ ራምና ሜልቪል በ2018 እንዳሳዩት፥ እነዚህ ቲዎሪዎች የተጻፉት ለጠፈር ስፋት ነው፤ የተለካው ሞገድ ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነውና ቲዎሪዎቹ እስከዚያ ድረስ መጽናታቸው ያጠራጥራል። በወርቅ አንጣሪ ሚዛን የጎተራ እህል እንደ መመዘን ነው።

ነገር ግን በተረፉትም ብዙ አልደሰትም። ኩሪና ዌልትማን በ2004 ያቀረቡት አሳብ ስሙን ከእስስት ወስዷል፤ ጭማሪው ኃይል ቁስ በበዛበት ስፍራ ይሰወራል፥ በሳሳበት ይገለጣል። ስለዚህም ካሲኒ በተባለችው መንኮራኩር ተደርጎ ውጤቱ በ2003 የታተመውን ጥብቅ መለኪያ ያልፋል። ሆኖም በ2012 ዋንግ፥ ሁዊና ያው ኩሪ ራሱ፥ እንዲህ የሚሰወር ኃይል የሚደርሰው ቢበዛ ወደ ሦስት ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ መሆኑን አስረዱ። ይህ የጋላክሲዎች ጉርብትና እንጂ የጠፈር ሁሉ ስፋት አይደለም፤ ጠፈርን ሊያፋጥን አይችልም! ሁና ሳዊኪ በ2007 የጻፉት ቀመርም መፋጠኑን የሚያገኘው የአይንሽታይንን ቋሚ ቁጥር በሚመስል ነገር ነው። ታዲያ የቱ ላይ ነው ማብራሪያው?

በ2023 የተነሣችው የኤውሮፓ መንኮራኩር ዩክሊድ የጋላክሲዎችን አከማቸት እንድትለካ የተላከች ናት። ከውጤቷ አስቀድሞ እያንዳንዱ ቲዎሪ ስንት ቁጥር እንደሚጠብቅ ጽፎ ያቅርብ፤ ከውጤቱ በኋላ የተስተካከለውን ግን ፈተናውን አለፈ ብለን አንቁጠረው።