ኡሻሂዲ፦ ምስክሩና መዛኙ

«ኡሻሂዲ» በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ኬንያ ወለድ ሶፍትዌር በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት ውዳሴ ይደመጣል፤ ሕዝቡ መረጃ ላከ፣ ባለሙያዎች ኮዱን ለማንም ክፍት አደረጉ፣ ፈጠራውም ባሕር ተሻገረ ይባላል። ውዳሴው ሐሰት አይደለም። ይሁንና ከምስክሩ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን አድካሚ ሥራ ይዘለዋል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 27 ቀን 2007 የተካሄደው የኬንያ ምርጫ ውጤት አገሪቱን በደም አፋሳሽ ሁከት ሲያናውጥ መንግሥት የቀጥታ ሥርጭትን አገደ። በዳኛ ፊሊፕ ዋኪ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ኋላ እንደመዘገበው 1,133 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ወሬው ሁሉ በሹክሹክታ በሚዘዋወርበት በዚያ ሰሞን የሕግ ባለሙያዋ ኦሪ ኦኮሎ ጥቃት የደረሰባቸውን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ እንዲሠራ በጽሑፍ ጥሪ አቀረቡ። ዴቪድ ኮቢያ፣ ኤሪክ ኸርስማንና ጁሊያና ሮቲች ተባበሯቸው፤ ሥራው በጃንዩዋሪ 2008 በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠናቀቀ። አዲሱ ነገር የረቀቀ ቴክኒክ አልነበረም። በየሰው ኪስ ያለውን የእጅ ስልክ ከካርታ ጋር ማገናኘቱ ነበር።

ነገር ግን እያንዳንዱ መልእክት በካርታው ላይ ነጥብ ከመሆኑ በፊት የሚያነበውና የሚያመዛዝነው ሰው ያስፈልገዋል። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በተነሣበት ወቅት ያልተጣራ አንድ መልእክት ለበቀል መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የላኪው ማንነት ከታወቀም ምስክሩ ራሱ ተጠቂ ይሆናል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል ስለ መሸከም እንጂ የበሰበሰውን ስለ መለየት አይናገርም።

ጃንዩዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ሶፍትዌሩ በሌሎች እጅ ተፈተነ። በአሜሪካ የታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካርታውን ያዘጋጁ ነበር፤ ወደ 4636 የስልክ ቁጥር የሚጎርፉትን የክሪዮል መልእክቶች ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ሄይቲያውያን ይተረጉሙ ነበር። የዚህ ሥራ ልብ እነዚህ ተርጓሚዎች ናቸው። የሰፈሩን የልማድ ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ፣ የጠበበውን መተላለፊያ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ፤ ያለ እነርሱ እርዳታ የጠየቀው ሰው የት እንዳለ ከዋሺንግተንም ሆነ ከናይሮቢ ማወቅ አይቻልም። ኮዱን በአንድ ቀን መቅዳት ይቻላል፤ ይህንን ዕውቀት ግን ከየትም መቅዳት አይቻልም።

ማንም ሰው የራሱን ካርታ በቀላሉ የሚከፍትበት «ክራውድማፕ» በ2010 ከቀረበ በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። ካርታዎች በብዛት ተከፈቱ፤ ብዙዎቹ ግን ባዶ ወይም ባዶ ለመባል የተቃረቡ ሆነው ቀሩ። መልእክቱን የሚቀበልና መልስ የሚሰጥ በሌለበት ማን ይጽፋል?

በአንጻሩ በኦገስት 2010 ኬንያውያን በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሲሰጡ ያው ሶፍትዌር «ኡቻጉዚ» በሚል ስም፣ ምርጫ ማለት ነው፣ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ጊዜ ግን ከሲቪል ማኅበራት ጋር ተጣምሮ ነበር፤ ከምርጫ ጣቢያ የሚመጣውን ቅሬታ ተቀብሎ የሚያጣራና ለሚመለከተው የሚያደርስ ሰው አስቀድሞ ተመድቦ ነበር።