ውሻ የሚገባበት የወይን ቤት

በእኛ አገር የውሻ ሥፍራው ደጅ ነው። ጠጅ ቤት ዘው ቢል ምን እንደሚጠብቀው እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ ኦክላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ሶኖማ ወስደን ወይን እናስቀምስሃለን፤ ውሻችንም አብራን ትመጣለች» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ሶኖማ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እምብርቷ ማርያኖ ቫዬሆ የተባለው የሜክሲኮ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1835 ያስቀየሰው አደባባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 አሜሪካውያን ሰፋሪዎች በሜክሲኮ ላይ አምፀው ድብ የተሣለበትን ባንዲራ የሰቀሉት እዚሁ ነው። በማዕዘኑ ላይ እ.ኤ.አ. በ1823 የተመሠረተው ሚሲዮን በጭቃ ጡብ ግድግዳው ቆሟል፤ ወይን እዚህ ቀድመው የተከሉት የዚያ ሚሲዮን ካህናት ናቸው። ዛሬ በአደባባዩ ዙሪያ የወይን መቅመሻዎች ተደርድረዋል።

ከአንዱ ገባን። የምታስቀምሰው ልጅ ጎንበስ ብላ የውሻዋን ስም ጠየቀች፤ ውሃም በሳህን አቀረበችላት። የእኔን ስም የጠየቀ የለም። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው!

ነገሩ ሕጋዊ መሠረት አለው። በካሊፎርኒያ ከደረቅ ብስኩትና ከታሸገ ነገር በስተቀር ምግብ የማያቀርብ የወይን መቅመሻ እንደ ምግብ ቤት አይቆጠርም። ስለዚህ ውሻን ከምግብ ቤት የሚያግደው ደንብ አይመለከተውም፤ ማስገባት አለማስገባቱ የባለቤቱ ፈንታ ነው።

ወይኑ መጣ፤ አምስት ብርጭቆ፣ እያንዳንዱ ቂጡን ብቻ ያረጠበ። ከወይኑ ቀድሞ ግን ወረቀት መጣ። ዚንፋንዴሉ እንጆሪና ቁንዶ በርበሬ እንደሚል ተጽፎበታል። ስቀምሰው እውነትም ቁንዶ በርበሬ አለኝ። ወረቀቱን ባላነብስ ኖሮ? ይህን ጠባይ ከሥዕል ኤግዚቢሽን አውቀዋለሁ፤ ሰው ሥዕሉን ትቶ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሲያነብ ይውላል። የእኛ የጠጅ አሳላፊ ከመዳፉ ፉት ብሎ የሚያሳየን ጠጁ መርዝ እንደሌለበት ነው፤ ጌሾው መብዛቱንና ማሩ ማነሱን የምንፈርደው እኛው ነን። እዚህ ግን ፍርዱ ታትሞ ይጠብቃል። ጠጪው ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መልሱን ይፈልጋል። ወይኑ መጥፎ አልነበረም፤ እንዲያውም ግሩም ነበር። ያልወደድኩት ዝምታውን ነው።

ዝምታውን የሰበረችው ውሻዋ ናት። ማሰሪያዋን አምልጣ ከጎናችን ከተቀመጡ ሽማግሌ እግር ሥር ተጋደመች። ሽማግሌው እንዲህ ያለች ውሻ ነበረቻቸው፤ ሞታባቸዋለች። ባለቤታቸው ቀጠሉ፤ ማዶ ያሉት ጥንዶች የራሳቸውን ጨመሩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቤቱ እንደ ጠጅ ቤት ይንጫጫ ጀመር። እኔ የማውቀው ወይም የሰማሁት እንግዳን ከእንግዳ የሚያላምደው መጠጡ እንደሆነ ነው፤ እዚያ ግን ሥራው ለውሻዋ ተትቷል።

ወረቀቴን ገልብጬ የቀረችኝን ዚንፋንዴል ጠጣሁ። ሽማግሌው ስሜን የጠየቁኝም ያኔ ነው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።