የልጅቱ ዝምታ፤ «ድፍረት» ስለተባለው ፊልም

«ድፍረት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። በአንድ ወገን ጀግንነትን፣ በሌላው ወገን የሴትን ክብር በግድ መግሠሥን ያመለክታል። አቶ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ላወጡት ፊልም ይህን ስም መምረጣቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ ትርጓሜዎች የትኛው ለማን እንደ ደረሰ መጠየቅ ይገባል።

የታሪኩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመ እውነተኛ ጠለፋ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ ትደፈራለች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች። ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ከመንግሥት ፍርድ ቤት አቅርባ ራስን መከላከል መሆኑን ታስረዳለች።

እንግሊዛዊቷ የፊልም ሊቅ ሎራ መልቪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ የሆሊውድ ፊልም ወንድን ባለ ዐይን፣ ሴትን የሚታይ ሥዕል አድርጎ እንደሚያቆም፣ ካሜራውም እይታውን ከወንዱ ገጸ ባሕርይ እንደሚዋስ ገልጸዋል። በዚህ ሚዛን «ድፍረት» ከብዙዎች ይበልጣል፤ የልጅቱን ገላ ለተመልካች መደሰቻ አያቀርብምና። ይሁን እንጂ እይታው ከወንዱ ቢወሰድም ለልጅቱ አልተመለሰም። ያረፈው በጠበቃዋ ላይ ነው። ሜሮን ጌትነት የተጫወቱት ይህ ገጸ ባሕርይ ይሮጣል፣ ይሟገታል፣ ይወስናል፤ ሂሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ትጠብቃለች። ጠበቃዋ በእውነተኛ ስሟ ስትጠራ የልጅቱ ስም መለወጡም ሳይስተዋል የሚታለፍ አይደለም። ለመከለል ነው ይባል ይሆናል፤ ሆኖም በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊታይ ሲል በባለ ታሪኳ መብት ምክንያት በተነሣ ክርክር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ነበር። የተሰወረው ስሟ እንጂ ሕይወቷ አልነበረም።

ለባህል ተመራማሪ ከሁሉ የሚበልጠው የሽማግሎቹ ሸንጎ ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የሚሰማው ክርክር ጠለፋንና ግድያን የሁለት ቤተ ሰቦች ጉዳይ አድርጎ ይመዝናል፤ በልጅቱ ላይ የደረሰው ግፍ በዚያ ሚዛን ክብደት የለውም። አዘጋጁ ሽማግሎቹን አላላገጡባቸውም፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ነገር ግን ልማድን በአንድ ወገን፣ ሕግን በሌላው ወገን አቁመው ሕግን የሴት ጋሻ ማድረጋቸው ነገሩን አቃልሎታል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ድንጋጌው የተወገደው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። እንግዲህ ልጅቱ በቆመችበት ዘመን ሸንጎውና የሕግ መጽሐፉ እንደሚታሰበው የተራራቁ አልነበሩም፤ ይህም በፊልሙ የሚገባውን ሥፍራ አላገኘም።