በዓይን የሚቃኝ መሰንቆ

ነገሌ ቦረና ሲነሳ የብዙ አንባቢ ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ጥር 1966 ዓ.ም. ነው፤ ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ በአለቆቻቸው ላይ ወደተነሱበት ወር። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ አመፅ አይደለም። ስለ አንድ የሠርግ ኪቦርድ ነው፤ ይበልጡንም ከኪቦርዱ ጎን ተከፍቶ ስለነበረው ላፕቶፕ።

ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚያች ከተማ የሠርግ ሙዚቀኛ መሆን ቀላል እንጀራ አይደለም። በአንድ ምሽት የኦሮምኛ፣ የሶማልኛና የአማርኛ ዘፈን ይጠየቃል። አንዱ ታዳሚ ዑድ ይሻል፣ ሌላው መሰንቆ ይሻል፣ ሦስተኛው ክራር ካልሰማ አይነሳም። ሁሉም ታዲያ የሚወጣው ከአንድ ሳጥን ነው። ያገኘሁት ወጣት የሳጥኑ መሰንቆ ስላላረካው በላፕቶፑ ላይ የራሱን መሰንቆ ሠርቷል። እንግዶች ሳይገቡ በፊት ጠርቶኝ፣ «ጋሼ፣ ይዩትማ!» አለኝ።

ልብ በሉ፤ «ይስሙት» አላለኝም።

ያሳየኝ ኮረብታ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ከግራ ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፣ ጥቂት ወረድ ይላል፣ ሜዳ ለሜዳ ይጓዛል፣ ከዚያም ቁልቁል ይወርዳል። የሙያው ሰዎች ኤንቨሎፕ ይሉታል። ስሙ ደብዳቤ ከምንከትበት ፖስታ ጋር አንድ ነው፤ ነገሩም ብዙ አይራራቅም፤ ድምፁን ከውጭ የሚሸፍነው ቅርጽ ነውና። አታክ የሚባለው ድምፁ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወለድ ይወስናል። ዲኬይ ከጫፉ እንዴት ረገብ እንደሚል፣ ሰስቴይን ጣት ቁልፉን ተጭኖ እስከቆየ ድረስ በምን ከፍታ እንደሚዘልቅ፣ ሪሊዝ ደግሞ ጣት ሲነሳ እንዴት እንደሚሞት ይወስናሉ። ክራርና ዋሽንት አንድ ዓይነት ኖታ ቢያሰሙ የምንለያቸው በቃናቸው ብቻ አይደለም። በአወላለዳቸውና በአሟሟታቸውም ጭምር ነው።

ይህን አራት ደረጃ ያለው አከፋፈል ሮበርት ሙግ በመሣሪያው ላይ ያዋለው የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ኃላፊ የነበረው ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበለት ዝርዝር መነሻነት ነው። በእ.ኤ.አ. 1970ው ሚኒሙግ ላይ ነገሩ ሁሉ ጥቂት የሚዞሩ ቁልፎች ነበር። ሥዕል የለም፤ ታዞራለህ፣ ትሰማለህ። ከዚያ በእ.ኤ.አ. 1983 ያማሃ ዲኤክስ 7 መጣ። ስድስት የድምፅ ምንጮች፣ ለእያንዳንዳቸው አራት ፍጥነትና አራት ከፍታ፣ በጠቅላላው አርባ ስምንት ቁጥር ሊሞላ፤ ለዚያ ሁሉ የተሰጠው መስኮት ደግሞ ሁለት መስመር ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ! አብዛኛው ሰው ደክሞት ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣውን ድምፅ እንዳለ ቢጠቀም አይፈረድበትም። በዚያ ዘመን ብዙ ሙዚቃ እርስ በርሱ የተመሳሰለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ የዛሬዎቹን ሶፍትዌሮች ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ያንን መስኮት ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሴረምም ሆነ በ2020 የወጣውና መሠረታዊ ቅጂው በነፃ የሚገኘው ቫይታል ኮረብታውን ይሥላሉ፣ በጣት ወይም በማውስ ጫፉን እንድንጎትት ይፈቅዳሉ፣ ድምፁ በሚሰማበትም ጊዜ በመስመሩ ላይ የምትሮጥ ነጥብ ያሳያሉ። ይህችን ነጥብ አደንቃታለሁ። ወጣቱ እንዳጫወተኝ በለስላሳ ዘፈን የሚያምርለት መሰንቆ ፈጠን ባለ ጭፈራ ላይ ይጠፋበት ነበር። ድምፁ ያነሰ መስሎት ደጋግሞ ጨመረው፤ አልሆነም። በኋላ ነጥቧን ሲከታተል ጣቱ ከቁልፉ የሚነሳው እሷ የኮረብታው አናት ላይ ሳትደርስ መሆኑን አየ። ድምፁ አድጎ ሳይጨርስ እየተቀጨ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ቁጥር አይናገርም፤ መምህር በሌለበት ከተማ ለሚማር ልጅ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዳሩ ግን ነጥቧ የምትሮጥበት ኮረብታ ራሱ ታማኝ አይደለም። አራት ሴኮንድ የሚያህል ድምፅ ስምንት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መስኮት ቢሣል፣ የሴኮንድ ሃያኛ ክፍል የሚያገኘው አንዲት ሚሊ ሜትር ነው። በዚያች ሚሊ ሜትር ውስጥ ግን ክራርና መሰንቆ ይለያያሉ! ጣት ጅማትን ሲመነጭር ድምፁ ወዲያው ይፈነዳል፤ ጭራው ጭራን ሲፈገፍግ ግን መጀመሪያ ሻካራ ትንፋሽ ይሰማል፣ ከዚያ ነው ዜማው የሚገባው። ጆሮ አብልጦ የሚፈልገው ሥፍራ ለዓይን የፀጉር ያህል ሆኖ ቀረ፤ ጆሮ ብዙም የማይጨነቅለት ረጅሙ ሜዳ የመስኮቱን እኩሌታ ያዘ። ወጣቱም ልፋቱን ያፈሰሰው ሜዳው ላይ ነበር፤ የሚታየው እሱ ነዋ።

ሁለተኛው ነገር የመስመሩ ቅንነት ነው። ከመሰንቆው ሌላ የሠራው ክራር ነበረውና ቁልቁለቱን በማስመሪያ የተሰመረ አስመስሎ አቅንቶታል። የክራር ጅማት ግን እንዲህ አይሞትም፤ መጀመሪያ ፈጥኖ፣ በኋላ እየዘገየ ነው የሚከስመው። ቀጥ ያለው መስመር እኩሌታው ላይ ሲደርስ የወረደው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ድምፅ በግማሽ ቀነሰ የሚለው 10 ዴሲቤል ያህል ሲወርድ ነው። ስለዚህ ለዓይን በሥርዓት የሚወርደው ክራር ለጆሮ ረዘም ላለ ጊዜ ይጮህና መጨረሻው ላይ ገደል ይገባል። መስመሩን ማጉበጥ በነዚህ ሶፍትዌሮች ይቻላል። ለምን እንዳቀናው ስጠይቀው፣ «ጎባጣው ያስጠላል» አለኝ።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። መሰንቆ ተጫዋች በአንድ የጭራ ስበት ሦስትና አራት ኖታ ያልፋል፤ ጣቶቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ድምፁ እንደገና አይወለድም። ሶፍትዌሩ ይህን ማድረግ አያቅተውም፤ ሌጋቶ የምትባል ማብሪያ አለችው። ይሁንና ኮረብታው ደረቱን ነፍቶ ሲቀመጥ እሷ ጥግ ላይ የተጣለች ትንሽ ምልክት ናት፤ ሥዕልም የላት፣ ነጥብም አይሮጥባት። የእኛ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ አላያትም ነበር። ለሠርገኛው የቀረበው መሰንቆም በየኖታው አዲስ የሚወለድ፣ የሚያስነጥስ የሚመስል መሰንቆ ሆኖ ከረመ።

ኃይሉ መርጊያን ማስታወስ ግድ ይላል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ ብቻውን በቀዳው፣ በ2013 እንደገና በታተመው ካሴት ላይ አኮርዲዮንን ከሙግና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ደራርቧል። አኮርዲዮን ኤንቨሎፑ ክንድ ውስጥ ያለ መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የሚያብጠውና የሚሟሽሸው ወናፉ ሲጨመቅና ሲላላ ነው። ከዚያ ክንድ የመጣ ሰው ወደ ሙግ ሲዞር ድምፅ እንዴት መተንፈስ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። በቅርቡ ትውልድ ደግሞ ሚካኤል ሰይፉና ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ የአገር ቤቱን ድምፅ ራሱን ቀድተው ወደ ላፕቶፕ ማስገባትን መርጠዋል። ብልህ መንገድ ነው፤ ኮረብታ ከመሣል ያድናል። የሠርግ ሙዚቀኛ ግን በዚያች ሰዓት፣ በተጠየቀው ቅኝት መጫወት አለበትና ሁልጊዜ አያዋጣውም።

ይህ ሁሉ የአማርኛ ዘፈን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል። ከነገሌ ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቆ፣ በዱብሉቅ በኩል፣ ቦረናዎች ቱላ በሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች ደረጃ ሠርተው ቆመው የቆዳ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ለከብቶቻቸው ውሃ ያወጣሉ፤ እያወጡም ያዜማሉ። የዜማው አነሳስ የባልዲው አነሳስ ነው፤ ክንዱ ሲከብደው ድምፁም ይከብዳል። ያንን ዜማ በኪቦርድ ለማስመሰል የሚሞክር ሰው በአንድ ኮረብታ ሁሉንም ኖታ ሊያወጣ አይችልም፤ ቅርጹ በየባልዲው ይለያያልና። እንግዲህ ሶፍትዌሩ የሚሥልልን የአንዲት ኖታ ኮረብታ ነው፤ የዘፈኑን ሙሉ አገር አይሥልም።

እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር ሞከርን። ስክሪኑን በፎጣ ሸፈነው፣ ከኪቦርዱ ቁልፎች አራቱን ለአራቱ ደረጃዎች መደበ፣ ሌጋቶዋንም አበራናት። ግማሽ ሰዓት ያህል እያዞረ ሰማ፤ እኔም ከበሩ ሥር ሆኜ ሰማሁ። መሰንቆ ሆነ አልልም፤ ማስነጠሱን ግን ተወ። ፎጣውን ሲያነሳ መስመሩ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ሜዳ የሚባል ነገር የሌለው ሆኖ አገኘው። ፊቱን አጨማደደና እጁን ወደ ማውሱ ላከ። ሊያቀናው ነበር። ይህን ጊዜ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ሙሽሮቹ ደርሰዋል፣ «ጀምር!» የሚል ጩኸትም መጣ፤ እንደጎበጠ ጀመረ።